ለንቦቹ የተነገረው ወሬ

የሂልዳ ፔንፎልድ ባል ሲሞት ስድስት የንብ ቀፎና አንድ ልጅ ትቶላት ነበር። ልጁን ሌናርድን አሳደገች፤ ንቦቹንም ጠበቀች። ጦርነቱ መጥቶ ስኳር በራሽን ሲሆን መንደርተኛው ሁሉ የእሷን ማር ማየት ጀመረ። ንቦቹ ብርዱን እንዲያልፉበት መንግሥት ጥቂት ስኳር ይሰጣት ስለነበር፣ "ሻይ ከንቦቹ ጋር ነው የምትጠጪው?" እያሉ ይቀልዱባታል። ጠዋት በመንደሩ አዳራሽ ከሴቶቹ ጋር የመድፍ መሸፈኛ መረብ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ጓሮዋ ውስጥ ናት።

ሌናርድ ፈረንሳይ ዘምቶ ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ሰሞን ቴሌግራም መጣ፤ ልጅዎ ጠፍቷል፣ ያለበት አልታወቀም ይላል። ሂልዳ አንዴ አንብባ ከሻይ ቆርቆሮው ጀርባ ሻጠችው። ለጠየቃት ሁሉ "ጠፍቷል" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

እንቅልፍ ያጣችው ጎረቤቷ ሜብል ስትራድዊክ ናት። በመንደሩ ልማድ፣ ከቤት ሰው ሲሞት ለንቦቹ መንገር ግድ ነው፤ ቀፎውን በበሩ ቁልፍ ሦስቴ አንኳኩቶ፣ እገሌ ሞቷል ብሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ማሰር። ያልተነገራቸው ንቦች ወይ ጥለው ይሄዳሉ ወይ ያልቃሉ። ሁለት ወር አለፈ፤ ሂልዳ ግን ወደ ቀፎዎቹ ቁልፍ ይዛ አልሄደችም።

አንድ ቀን ከአዳራሹ ስትመለስ በስድስቱም ቀፎ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁ የቤት መብራት ለጠላት አውሮፕላን እንዳይታይ መስኮት ከሚጋረድበት የተቀደደ ነው። ሜብል ቁልፏን እንደያዘች እዚያው ቆማለች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች ሂልዳ።

"አንቺ አልቻልሽም ብዬ ነው፣ የኔ እህት። አንድ ሰው መንገር ነበረበት።"

"ምን አልሻቸው?"

ሜብል አቀረቀረች። "ሌናርድ ሞቷል አልኳቸው።"

"ጠፍቷል ነው የተባልኩት! አንቺን የጦር ሚኒስትር ያደረገሽ ማነው?"

"ንቦቹ ቢሄዱብሽስ?"

"ይሂዱ! ንብ ይገዛል።"

ሂልዳ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ፈታች። የመጨረሻው ቋጠሮ እጇን አልታዘዝ ቢላት በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ በየቀፎው እየዞረች አንኳኳች። "ውሸት ነው፣ የሜብል ወሬ ነው" አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ። ችግሩ፣ የቦምብ መጠለያቸው አንድ ነው። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ጣሪያውን፣ አንዷ ጫማዋን እያየች። ሂልዳ የምትፈራው ቦምቡን አልነበረም። ሜብል ልክ ብትሆንስ? ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ወንዶቹ ከዘመቱ ወዲህ ፖስታ የምታድለው አይቪ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ ጥላ እየሮጠች ገባች።

"ወይዘሮ ፔንፎልድ! ከጀርመን ነው! የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው!"

አጭር ካርድ ነው። "እማዬ፣ ተማርኬ ነው። ደህና ነኝ፣ አልቆሰልኩም። ካልሲ ላኪልኝ።"

ሂልዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሜብል ሊጥ እያቦካች በመስኮት ብታይ ፖስተኛዋ ቆማለች፣ ሂልዳ መሬት ላይ ናት። ክፉ ወሬ መስሏት ዱቄት በሆነ እጇ በረረች። ሂልዳ ካርዱን ሰጠቻት።

"በሕይወት አለ" አለች ሜብል፣ የራሷን ፊት በዱቄታም እጇ ይዛ። "እኔ ደደብ! እኔ ምላሴ ይቆረጥ!"

"ተዪው። ይልቅ ፊትሽ ነጥቶ መንፈስ መስለሻል" አለቻት ሂልዳ።

ሳቁ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ደግሞ ሳቁ።

"እግሩ ስንት ቁጥር ነው?" አለች ሜብል፣ ሹራቧን በአናቷ እያወለቀች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"የሱፍ ክር ከየት ይመጣል? ተርትሬ ካልሲ ልሠራለት ነዋ።"

"ብርዱ እየመጣ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!"

"እኔ ስብ አለኝ። እሱ ነው የሌለው።"

ሂልዳ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ሜብል እየተረተረች ክሩን ጠመጠመችባት። አንዱ እጅጌ አልቆ ወደ ሌላው ሲያልፉ ሂልዳ እንደራባት ታወቃት።

"ሜብል፣ ቤትሽ የሚበላ ነገር አለ?" አለች።