አንድ አምፖል ብቻ

አፌ ክፉ ነው፤ እጄ ግን ደግ ነው ብዬ አምን ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ለስላሳ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ከጀርባዬ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ወደ ወልድያ ለሚያልፉ መንገደኞች ቆሎ የሚሸጡ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ቆጣሪ ለማስገባት አቅም ስላልነበራቸው ከእኔ ቆጣሪ ገመድ ሳብኩላቸው።

«የመብራቱን ሂሳብ እኔ እችላለሁ፤ ግን አንድ አምፖል ብቻ!» አልኳቸው፣ ጣቴን ቀስሬ።

«ወላሂ፣ ከአንድ አምፖል አላልፍም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቆሎ በቆሉ ቁጥር የመጀመሪያው እፍኝ የእኔ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይመርቁኛል። አልዋሽም፣ ምርቃቱን ወድጄው ነበር።

ከለውጡ በኋላ የመብራት ታሪፍ በየጊዜው ይጨምር ጀመር። ጦርነቱ ሰሜን ላይ ከተነሳ በኋላ ደግሞ የባልቴቷ ልጅ ከዐረብ አገር ታማ ተመለሰች። ሳሏ እስከ ሱቄ ይሰማል። ከሻንጣዋ ጋር የኤሌክትሪክ ምድጃ የተሳለበት ካርቶን ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። በወሩ የመጣው ሂሳብ ከወትሮው ዘለለ። ምድጃው ነው አልኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። በጠራራ ፀሐይ ገመዱን ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት።

በማግስቱ እሳቸው እንደ ልማዳቸው እፍኝ ቆሎ ይዘው መጡ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። «እስካሁን ያበራሽልንን አላህ ይቁጠርልሽ» አሉኝ። ስለ ምድጃው ምንም አላነሱም። እኔም ቆሎውን ተቀብዬ ወደ ፍሪጄ ዞርኩ።

ሳምንት ሳይሞላ እውነቱን ሰማሁ። ሂሳቡ የዘለለው በየቤቱ ነው፤ ታሪፉ እንደገና ጨምሮ ኖሯል። እኔ ባለ ፍሪጇ ሌት ተቀን መብራት እየበላሁ፣ የሰው አምፖል ላይ ዘመትኩ። ያን ዕለት ገመዱን ብመልሰው ምን ነበረበት? ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጦርነቱ እኛው ደጅ ደረሰ፤ የከተማው መብራት በሙሉ ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ቀለለኝ። ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ስንገባ የእኔ ጥፋት አብሮ የተሸፈነ መሰለኝ።

ልጅቷ በዚያው የጨለማ ሰሞን አረፈች። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት የሰፈራችን እድር፣ ቅሬው፣ ወጥቶ ቀበራት። ለቅሶ ልደርስ ስገባ የቤቱ ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል። ጥግ ላይ ያ ካርቶን ተቀምጧል። የመድኃኒት ጠርሙሶችና የውሃ ጆግ ተደርድረውበታል። የታሸገበት ፕላስተር አልተላጠም።

«እማማ፣ አልከፈታችሁትም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሷማ ገና እንደመጣች ‹ጭሱ ሊገድለኝ ነው፣ እንሰካው› ትለኝ ነበር። አንድ አምፖል ብዬ ቃል ሰጥቼሽ የለ? በቅጠል በጭራሮ እያልኩ ቀቀልኩላት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ለቀስተኛው ለሟቿ መስሎት ነው። እሳቸው ተነስተው ትከሻዬን ያዙና «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

መብራት ሲመለስ ገመዱን ተሸክሜ ሄድኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምድጃውንም ይሰኩ፣ የፈለጉትን ያህል ያብሩ፣ ሂሳቡ የእኔ ነው ልላቸው ነበር። አላስጨረሱኝም።

«ለእኔ ይቅርብኝ። መብራቱን የምፈልገው ፊቷን ላይበት ነበር» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቤት አሳዩኝ። ከጦርነቱ የተፈናቀለች አራስ ተከራይታበታለች። «ለእሷ ሳቢላት። ምድጃውን ሰጥቻታለሁ።»

እሺ ብዬ ገመዱን መዘርጋት ስጀምር ከኋላዬ ተጣሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «እሷን ግን አንድ አምፖል ብቻ አትበያት።»