ጨው ቀማሿ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወልደሚካኤል የቤቱን በር ሲከፍት፣ ሚስቱ ፋናዬ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ ሌላኛውን ጫማ ፍለጋ አጎንብሳ አገኛት። እሱ ከመጋዘን ሥራው ሲገባ እሷ ወደ አረጋውያን መጦሪያው የማታ ፈረቃ ትወጣለች። ከተጋቡ ወዲህ እንደ ዘንድሮ ተነፋፍቀው አያውቁም፤ የሚገናኙትም እዚሁ፣ ኖርዌይ ውስጥ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር ካለው ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ጫማ ማውለቂያው ጋ ነው።

«ለልጆቹ ምን ልትሠራላቸው ነው?» አለችው ቀና ሳትል።

«ፊስከካከ።»

«ሰኞ ዕለት እየሩስ አልበላም ያለችውን ጥፍጥፍ ዓሣ?»

«ዛሬ በነጭ ስጎ ነው።»

«እንደ ትናንቱ ስጎ?»

«ፋኒ፣ ሰው ጫማውን እያሰረ ይሟገታል?»

ፋናዬ ልትስቅ አለችና ተወችው። ጃኬቷን ቆልፋ በሩን እንደያዘች ቆመች። «ነገ ነው መልስ የምሰጣቸው፣ ወልዴ። ከበላች በቋንቋቸው ‹ያ›፣ እሺ እላቸዋለሁ። ካልበላች ‹ኔይ›፣ አይሆንም ብዬ እቤቴ እገባለሁ። እኔ ቋሚ ልሁን ብዬ ልጄን አላከሳም።»

ሊፍቱ መጣ፤ ሄደች።

ፋናዬ ለዓመታት ቪካር ነበረች፤ ሌላ ሠራተኛ ሲታመም በስልክ የምትጠራ፣ ስልኩ ካልጮኸ ደግሞ እቤቷ የምትቀር ተተኪ። ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው። በዚህ የበረዶ ክረምት አለቃዋ ጠርታ ቋሚ ቅጥር እንዳለ ነገረቻት፤ የማታ ፈረቃ ብቻ ቢሆንም ቋሚ ነው። እስኪወሰን ድረስ ማታ ማታ መግባት ጀመረች። በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ነርስ የሰባት ዓመቷን እየሩሳሌምን መዝና፣ ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ክብደት እንዳልጨመረች፣ ከፋሲካ በኋላ ደግማ እንደምታያት ተናገረች። ነርሷ ፈገግ እያለች፣ በደግ አንደበት ነበር የተናገረችው። ፋናዬ ግን እንደ ፍርድ ሰማችው። እሷ ቤት ስትሆን ልጅቷ ከእጇ ትበላ ነበር፤ በተረት፣ በጉርሻ፣ አንዱ ለአያት አንዱ ለአጎት እየተባለ። ወልደሚካኤልም ተረቱንም ጉርሻውንም ሞክሯል። «ፓፓ፣ እጅህ ካርቶን ካርቶን ይላል» አለችው። እውነቷን ነው። ከንጋት በፊት ጀምሮ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል እጅ ሽታው በአንድ ጊዜ ሳሙና አይለቅም።

እየሩስ የምትበላው በሕግ ነው። ነጭ ነገር ይበላል። ካሮት ብቻውን ከሆነ ይበላል። ቡናማ አይበላም፤ የአረንጓዴማ ስሙም አይነሳ። ሳህኑ ላይ አንዱ ሌላውን ከነካው ሁለቱም ተበላሹ ማለት ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድሟ ኖኤል ይሻላል፤ እሱ ኬቻፕ እስካለ ድረስ እንጨትም ቢሰጡት ይበላል፤ ነገር ግን አስተያየት ሳይሰጥ አንድም ነገር አይጎርስም። ወልደሚካኤል በደከመ ጭንቅላቱ ይህን ሁሉ ይዞ ማካሮኒ ቀቅሏል፣ የሩዝ ገንፎ በቀረፋ አገንፍቷል፣ ፓንኬክ ገልብጧል። አንድ ቀን ሽሮ ቢያቀርብ ኖኤል አፍንጫውን ይዞ «ኤሽ!» ብሎ ክፍሉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ያበላና፣ የራሱን የጾም ምግብ እነሱ ከተኙ በኋላ ምድጃው ጋ ቆሞ ይቀማምሳል።

ፋናዬ በእረፍቷ ሰዓት ትደውላለች። «በሉ?» ትላለች። «በልተዋል» ይላል። አንድ ማንኪያም መብላት ነው ብሎ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን እየሩስ ስልኩን ነጥቃ፣ «ኔይ፣ ማማ፣ እኔ አልበላሁም። ፓፓ ነው የደፋው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋናዬ የምትጠይቀው ልጅቷን ነው።

ትናንት የባሰው መጣ። ስጎው ላይ ጨው አድርጎ፣ ማድረጉን ረስቶ፣ ደገመው። እንዳይቀምስ ደግሞ ወተትና ቅቤ ነው፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ኖኤል አንዴ ጎርሶ ወደ ቧንቧው ሮጠ። «ፓፓ፣ ይኼ እኮ ባሕር ነው!» እያለ። እየሩስ አልጎረሰችም። ወንድሟን አየች፣ አባቷን አየች፣ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረገችው። በዚያ ምሽት ስልኩ ሲጮኽ ወልደሚካኤል ራሱ ነው «አልበሉም» ያለው።

አሁን ድንቹን እየላጠ ቆሟል። ሆዱ ባዶ ነው፣ ወገቡን ያመዋል። በመስኮቱ ታች ቀን የቀለጠው በረዶ ሊጠጥር ጀምሯል። ቅቤውን አቀለጠ፣ ዱቄቱን ጨመረ፣ ወተቱን ቀስ እያለ አንቆረቆረ። ሲወፍር ጨው በጣቶቹ ቆነጠረ። አማሰለ። ማንኪያውን አነሳና ሳያስበው ወደ አፉ ሲያስጠጋ ትዝ አለው፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

እንዲህ ቀጥ ያለ እጅ ያውቃል። ደሴ፣ ሳላይሽ ሰፈር፣ የእናቱ የወይዘሮ አባይነሽ እጅ ነው። ያን ጊዜም ሁዳዴ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ገነነ ኩፍኝ ወጥቶበት እህል አልቀምስ ብሎ ተኝቷል። እናቱ በወተትና በቅቤ አጥሚት ሠራችለትና፣ ማንኪያውን እስከ አፏ አድርሳ መለሰችው። ወልደሚካኤል አጠገቧ ነበር፤ ጾም ከጀመረ ገና መጀመሪያው ስለሆነ የአጥሚቱ ሽታ ጉሮሮው ላይ ቆሟል። እሱን ቅመስ አላለችውም። ወደ አጥሩ ዞራ የጎረቤቷን ልጅ ጠራች።

«ሩቂያ! ነይ እናቴ፣ ጨው ቅመሺልኝ!»

ሩቂያ እየሮጠች መጣች። መዳፏ ላይ ጠብ ተደረገላት፣ ላሰችው፣ ዓይኗን ጨፍና እንደ ትልቅ ሰው አሰበች። «እትዬ አባይነሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለች። ተጨመረ። እንደገና ላሰች። «አሁን ሆኗል።» ከአልጋው ሆኖ ይህን ሲያይ የነበረው ገነነ ያን ጊዜ ነው «ሩቂያ ከቀመሰችው ልጠጣ» ያለው። ጠጣ። ከኩፍኙም ዳነ። በኋላ የሞተው በሌላ ነገር ነው። ሩቂያ የት እንዳለች ወልደሚካኤል አያውቅም፤ ሰፈሩን ከለቀቀ ጀምሮ ስሟን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልሰማም።

ስጎው ሊያርር ሲል ነቃ፤ ድስቱን ከእሳቱ ገለል አደረገ።

«እየሩስ!»

«ያ?» አለች ከሳሎን።

«ነይ እናቴ፣ ጨው ቅመሺልኝ።»

መጣች። በሩ ላይ ቆማ በጥርጣሬ አየችው። «መብላት ነው?»

«መብላት አይደለም። ጨው መቅመስ ነው። እኔ መቅመስ አልችልም።»

«ለምን አትችልም?»

«ጾም ነዋ። ወተት አለበት፣ ቅቤ አለበት።»

እየሩስ ቅንድቧን ሰበሰበች። «አንተ ሁልጊዜ የማትበላው ለዚያ ነው?»

«ለሌላ ለምን ይመስልሻል?»

«ስለማይጥም ነዋ» አለች። «ትምህርት ቤት እንግዳ ምግብ ሲመጣ መጀመሪያ አስተማሪያችን ትበላለች፣ ከዚያ እኛ። አንተ ግን ትሰጠንና ቁጭ ብለህ ታየናለህ። ኖኤልም ‹ፓፓ ራሱ የማይበላውን ነው የሚሰጠን› ብሏል።»

«ቀልዴን ነው!» አለ ኖኤል ከሳሎን።

ወልደሚካኤል ስጎውን አንዴ አማሰለ። በየሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዟቸው ይሄዳል፤ ጾም መሆኑን ይሰማሉ። እሱ ግን አንድም ቀን አስቀምጦ አልነገራቸውም። እሱንም ማንም አስቀምጦ አልነገረውም ነበር። ቤቱ ሁሉ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ልጅም እያየ ያድጋል። እዚህ ግን ልጁ ምን ያያል? ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚገባ፣ አብስሎ የሚያቀርብ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደ መርማሪ አፍ አፋቸውን የሚያይ አባት። እሱ ልጄ አትበላም ብሎ ይጨነቃል፤ ልጅቷ ደግሞ አባቴ አይበላም ብላ ታያለች።

«ይጥም ይሆናል፣ አላውቅም» አላት። «ለዚህ ነው አንቺን የጠራሁሽ። እጅሽን አምጪ።»

መዳፏ ላይ ጠብ አደረገላት። አሸተተችው። በምላሷ ጫፍ ነካችው።

«እ?»

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።» ደግማ ላሰች። «ምንም ጨው የለውም።»

«አድርጌያለሁ እኮ።»

«ፓፓ፣ ማን ነው የቀመሰው? አንተ ነህ እኔ?»

ጨመረ። ላሰች። «ትንሽ።» ጨመረ። ላሰች፤ ይህንኛውን መዳፏ እስኪደርቅ ላሰችው። «አሁን አትንካው» አለች፤ ማንኪያውን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ድስቱ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ መጥበሻው ላይ የተጠበሱትን ጥፍጥፍ ዓሣዎች አየች። «እነሱ ቡናማ ናቸው።»

«ውስጣቸው ነጭ ነው።»

«ላጥልኝ።»

«ዓሣ ይላጣል እንዴ?»

«ከድንች በምን ይለያል?»

ወልደሚካኤል ሁለት ፊስከካከ በቢላ ላጠ። ቅርፊቱን ኖኤል መጥቶ ከእጁ ላይ በላው። ድንቹ በአንድ ጥግ፣ የተፈቀፈቀው ካሮት በሌላ ጥግ፣ ዓሣው መሐል፣ ስጎው በቡና ስኒ ለብቻው ቀረበ። ወልደሚካኤልም የራሱን ድስት ከማቀዝቀዣው አወጣ። ሽሮውን አሞቀ፣ እንጀራውን ዘረጋ፣ ወንበር ስቦ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ ልጆቹ ግማሹን አብረውት አሉ።

«ካልሲ ካልሲ ይሸታል» አለ ኖኤል።

«የራስህን ብላ፣ አንተ ልጅ። እኔ ያንተን ኬቻፕ ምን አልኩህ?»

እየሩስን ሊያያት ፈልጎ አላያትም። ዓይኑን እንጀራው ላይ ጥሎ እየቆረሰ በላ። ቁጭ ብሎ ሲበላ ድካሙ በአንዴ ከትከሻው ወደ እግሩ ወረደ፤ እራት ማለት ይህ እንደነበር ረስቶት ኖሯል። ከፊት ለፊቱ ሹካ ሳህን ሲነካ ይሰማዋል። ዓሣው ስኒው ውስጥ እየተነከረ ነው። ደግሞ ተነከረ።

«ያንተስ ጨው ማን ቀመሰው?» አለችው በመሐል።

«እኔ ራሴ። ይኼ የጾም ነው።»

«ልየው።» የእንጀራ ጫፍ ቆርሶ ሽሮ አስነካላት። አላመጠች፣ ፊቷን አኮማተረች። «በዝቷል» አለችና ውኃ ጠጣች።

ስልኩ የጮኸው ሳህኖቹን ሲያነሳ ነው። እየሩስ ቀደመችው።

«ማማ! እኔ ነኝ የቀመስኩት! ፓፓ ስለሚጾም።»

«ቀመስሽ ነው በላሽ?» የፋናዬ ድምፅ ኮሪደር ላይ እየተራመደች እንደሆነ ያስታውቃል።

«መጀመሪያ ቀመስኩ። ከዚያ ደግሜ ቀመስኩ። ከዚያ አለቀ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ሁሉም ነዋ። ድንቹ ትንሽ ቀርቷል፣ ካሮቱ ስለነካው።»

በዚያ በኩል እርምጃው ቆመ። «አባትሽን ስጪኝ» አለች ፋናዬ። ወልደሚካኤል ስልኩን በእርጥብ እጁ ተቀበለ።

«እውነት ነው?»

«ሳህኑን ላሳይሽ?»

«አታሳየኝ። አንድ ቀን ነው ግን፣ ወልዴ።»

«አንድ ቀን ነው።»

«ነገስ?»

«ነገም ጾም ነው፤ መቅመስ አልችልም።»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«እሱ ያድርሰን እንጂ። ጨው የሚቀምስ ሰው ያኔም አይጠፋም፤ እኔ ጨው እንደማላውቅ ቤቱ ሁሉ አውቋል።»

ፋናዬ ሳቀች። አሁንስ ሳትተወው ሳቀች። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ስሟን አጣምመው ሲጠሩ ይሰማል። «መጣሁ» አለች በኖርዌይኛ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነገ ‹ያ› እላቸዋለሁ» አለችው። «ግን አትዋሸኝ። ባትበላ አልበላችም በለኝ።»

«እሺ።»

ስልኩን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። እየሩስ ስኒውን አዘንብላ የቀረውን ስጎ በጣቷ ትጠርጋለች።

«ነገ ምንድን ነው የምቀምሰው?»

ወልደሚካኤልን ማሰቡ ራሱ አደከመው። «እኔ እንጃ።»

«ነገ ዓርብ ነው!» አለ ኖኤል። «ዓርብ ታኮ ነው፣ በቂጣ የሚጠቀለለው ሥጋ። ሰው ሁሉ ታኮ ነው የሚበላው።»

«የታኮ ሥጋ ቡናማ ነው» አለች እየሩስ። ጣቷን እንደላሰች ጣሪያውን እያየች ብዙ አሰበች። «ጨውን ብቻ እቀምሳለሁ።»

ወልደሚካኤል ነገ ሲመለስ በሱቁ በኩል መዞር እንዳለበት፣ ሥጋውን በዚያ የደከመ እግሩ ይዞ መምጣት እንዳለበት እያሰበ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ጨፈነ።