የዳቦ ቆሎ ታርትና የቅዳሜ ለቅሶዎቼ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና ጋጋሪው ስሜን ከመጠየቁ በፊት እጄን አየ። "ዘርጋው" አለኝ። ዘረጋሁ። ገልብጦ ተመለከተና "ይሄ እጅ ገና አልቦካም" ብሎ ወደ ዱቄት መጋዘኑ ሰደደኝ።

ዳቦ ቤቱ ላምበረት አካባቢ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ዱቄት መንፋት፣ ፓትራ የምንለውን የመጋገሪያ ትሪ መጥረግና ዘይት መቀባት ነበር። ጨው የሚለካበት ሰዓት ሲደርስ ዋና ጋጋሪው ጀርባውን ሰጠን፤ ትከሻውን ሰፋ አድርጎ ሚዛኑን ከለለው። እርሾውንም እንዲሁ። አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ የጨዉን ልክ አንድ ቀን አልነገረኝም። ሊጡን እየቀመስኩ፣ ከሥራ በኋላ በከረጢቱ የቀረውን ጨው እየመዘንኩ ራሴ ደረስኩበት።

እሱ ጮክ ብሎ የሚናገረው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ "እሸው።" ሊጥ እንደ ላስቲክ ካልተሳበ አልታሸም ይል ነበር። ይህን ትእዛዝ ሠላሳ ዓመት በክርኔ ይዤው ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ "ማን አስተማረህ?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር። "ማንም። ራሴን በራሴ።" ልጄ ቤዛ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። ትምህርት ሲከብዳት እነግራታለሁ፣ ሥራ ስትይዝ ነገርኳት፣ ሻይ እየጠጣን ያለ ምክንያትም ነግሬያታለሁ።

በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ሁለተኛ ጋጋሪ ሆኜ ገባሁ። ባለቤቷ ወይዘሮ ሠናይት በዕድሜ ታንሰኛለች፤ አለቃዬ ግን እሷ ናት። አንድ ቀን ወደ ማብሰያ ክፍሉ ገብታ የሚልፎኒውን ፓትራ በጣቷ ገፋ አደረገች።

"ጋሽ ጌታቸው፣ ሚልፎኒ ጎረቤትም አለ፤ ከጎረቤት ቀጥሎ ያለውም ጋ አለ። እኔ ጋ ብቻ የሚገኝ ነገር ይሥሩልኝ።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"እሱን ባውቀው እኔው እሠራው ነበር።"

በዚያው ሰሞን ለክርስትና ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ከተቀመጠች ሴት አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ገዛሁ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ከረጢቱ አለቀ። ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከዚያ አፍ ውስጥ ይሟሟል። መጀመሪያ ጥቁር አዝሙዱ ይመጣል፣ ከዚያ ስኳሩ፤ በርበሬው ዘግይቶ፣ በላተኛው ከረሳው በኋላ። ወርጄ ሌላ ከረጢት ገዛሁ። ክርስትናው ላይ ምን እንደተበላ አላስታውስም፤ እኔ ታርት እያሰብኩ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ቆሎው በመዳመጫ ይሰባበራል። ዱቄት መሆን የለበትም፤ ጥርስ የሚያገኘው ፍርፋሪ ይኑረው። የቀለጠ ቅቤ ይጨመርበትና በትናንሽ ቅርጾች ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ይጠቀጠቃል። አሥር ደቂቃ ምድጃ ይገባል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳልና ከማር የተሠራ ወፍራም ክሬም ይሞላበታል። ከላይ የተቆላ ለውዝ።

ወይዘሮ ሠናይት አንዱን ነከሰች። "ማሩ ደስ ይላል። ለስላሳ… ቆይ፣ ምንድን ነው የሚያቃጥለኝ?" ሁለተኛውንም ጨረሰች። "ማን አስተማረዎት?"

"ማንም" አልኳት።

ስለ ታርቱ ከሆነ እውነት ነው። ስለ ዳቦ ቆሎው አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ቤዛ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ዝምታም ውሸት ነው ብዬ አንድ ሰዓት እመክራት ነበር።

እርግጥ ዳቦ ቆሎውን ራሴ ልሠራው ሞክሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ዱቄት፣ ስኳር፣ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይትና ውሃ ቀላቅዬ እንደ ላስቲክ እስኪሳብ አርባ ደቂቃ አሸሁት። በቀጭኑ አድበልብዬ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ቆላሁት። ሳህን ላይ ስገለብጠው የተሰማው ድምፅ የምግብ አልነበረም።

ቤዛ አንዱን ወደ አፏ አስገብታ አወጣችው። "አባዬ፣ ይሄን ከታች መንገድ ለሚሠሩት ሰዎች እንስጣቸው።"

አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ አጸደም አንዱን በጣታቸው አገላብጠው አዩ። "እኔስ ጥርስ የለኝም" አሉ። "ያላቸው ናቸው የሚያሳዝኑኝ።"

ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። በከሸፈብኝ ቁጥር ይበልጥ አሸሁት።

ስለዚህ በየቅዳሜው ላምበረት መሄድ ጀመርኩ። ሴትየዋ ወይዘሮ ዘሀራ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፣ እኩዮች ነን። መጀመሪያ አምስት ኪሎ ስጠይቃት መስፈሪያዋን ከረጢቱ ውስጥ እንደሰካች ቀና አለች። "አምስት ኪሎ? ድግስ አለ?"

ድግስ ብላት የማን ነው ትለኛለች። ለኬክ ቤት ብላት ምስጢሬ ይወጣል። "ለቅሶ ቤት ነው" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

ፊቷ ተለወጠ። "አብሽሩ። አላህ ያጽናችሁ" አለችና አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ "ደግሞ ማን?" አለችኝ። የጎረቤቴን አጎት ነገርኳት። በሦስተኛው ቅዳሜ ጡረታ የወጣ ዘበኛ ሞተ። በአራተኛው በሰርጉ ማግስት የወደቀ ወጣት። ወይዘሮ ዘሀራ እንደ ሌላው ሰው "ነፍስ ይማር" ብላ አታልፍም፤ የሟቹን ዕድሜ፣ ሕመሙን፣ ስንት ልጅ እንደተወ ትጠይቃለች። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ እየተዘጋጀሁ እሄድ ነበር። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ እንዳልገድል የክሬም ልክ በምጽፍበት ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ እመዘግባቸዋለሁ።

አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። "ወንድም ጌታቸው፣ የምትጠጡት ውሃ ደህና ነው?"

ኬክ ቤት ውስጥ ዳቦ ቆሎውን የምሰባብረው ጥግ ይዤ፣ ለረዳቶቹ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ትከሻዬን ሰፋ አድርጌ ነበር። ይህን አቋቋም ከማን እንደወሰድኩት ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ታርቱ ተወደደ። በስድስተኛው ወር ወይዘሮ ሠናይት ጠራችኝ። ለሚ ኩራ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልትከፍት ነው። "ዋና ጋጋሪው እርስዎ ነዎት" አለች። ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ። "ካርቶኑ ላይም 'የጋሽ ጌታቸው ታርት' ብለን እናሳትማለን። መክፈቻው የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰኞ ዕለት ለሁለቱ አዲስ ጋጋሪዎች ከዱቄቱ ጀምረው ያሳዩልኛል። እኔም ቆሜ አያለሁ።"

"ይቻላል" አልኩ።

ለሰኞ የያዝኩት ዘዴ ይህ ነበር። የራሴን ሊጥ ፊታቸው አሸዋለሁ፣ እቆላዋለሁ፤ ሲወርድ ከመጋረጃ ጀርባ በዘሀራ ዳቦ ቆሎ እለውጠዋለሁ። ከሠርከስ ሠሪ በምን እንደምለይ አልጠየቅሁም። የቀረው ለመክፈቻው የሚሆን ሃያ ኪሎ ማዘዝ ነው። ሃያ ኪሎ ደግሞ ተራ ሰው ሞቶ የሚሸፍነው አይደለም።

ያን ቅዳሜ እማማ አጸደን ገደልኳቸው።

"አማቴ አረፉ" አልኳት። "ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ብዙ እንግዳ ይመጣል። አርብ መጥቼ እወስዳለሁ።" ወይዘሮ ዘሀራ እንባዋ መጣ። ቤታችሁ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሐዘንተኛ ቤቱን አይደብቅም፤ ኮንዶሚኒየሙን ከነብሎክ ቁጥሩ ነገርኳት። ይህን ስናገር ምን እያሰብኩ እንደነበር እስከ ዛሬ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

በማግስቱ እሑድ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ሦስት ጥንድ የሴት ጫማ ተደርድሮ አገኘሁ። ገባሁ። ወይዘሮ ዘሀራና ሁለት የመናኸሪያ ጓደኞቿ ለሐዘን እንደሚለበሰው ለብሰው ተቀምጠዋል። መሀላቸው እማማ አጸደ ዳቦ ቆሎ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ። ቤዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ና፣ ተቀመጥ ጌታቸው" አሉኝ አማቴ። "ስለ ሞቴ እየተጫወትን ነው።"

ተቀመጥኩ። በኋላ ቤዛ እንደነገረችኝ፣ ወይዘሮ ዘሀራ እያለቀሰች ደረጃውን ወጥታ "የእማማ አጸደ ቤት ይሄ ነው?" ስትል በሩን የከፈቱላት ራሳቸው እማማ አጸደ ናቸው። "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" ብለው ያጽናኗትም እሳቸው።

"በምን ነበር የሞትኩት?" አሉኝ።

"በደም ግፊት።"

"ደም ግፊት እኮ የለብኝም" አሉ ቅር ብሏቸው። "ያለብኝን ስኳር እንኳ አታውቅም?"

ወይዘሮ ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። ቀስ ብላ ጀመረች። "ወንድም ጌታቸው፣ ሌሎቹስ? ያ ዘበኛው?"

"አለ። ጠዋትም ሰላም ብሎኛል።"

"በሰርጉ ማግስት የሞተውስ? ለሱ እኮ አልቅሻለሁ።"

"እሱ እንኳ አልተወለደም።"

ቤዛ ከግድግዳው ዞረች። "አባዬ፣ እኔ 'ጉንፋን ይዞኛል' ብዬ አንድ ቀን ከሥራ ስቀር ሦስት ቀን መክረኸኛል። ማንንም ግን አልገደልኩም።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታርቱን፣ ዘጠኙን ሙከራ፣ ቅርንጫፉን፣ የሰኞውን ዘዴ። ቤዛ ከፍሪጅ አንድ ታርት አውጥታ ለወይዘሮ ዘሀራ ሰጠቻት። ነከሰች፣ አኘከች።

"የኔ ነው" አለች።

"የእርስዎ ነው።"

"ማሩ ጥሩ ነው። ሲሰባብሩት ግን ደቁሰውታል።" ሳህኑን አስቀመጠች። "እስቲ የራስዎን ያምጡ።"

የዘጠነኛውን ሙከራ ጣሳ አመጣሁላት። አንዱን አፏ ከትታ መልሳ ሻይ ማስቀመጫው ላይ አኖረችው። ቀጭ ሳይሆን ቃ አለ።

"ስንት ደቂቃ አሹት?"

"አርባ።"

"ምን በድሎዎት ነው?" ጓደኞቿ ሳቁ። "ይሄ እኮ ዳቦ አይደለም። መጀመሪያ ዘይቱን ለዱቄቱ ያጠጡታል፤ ፍርፋሪ ይመስላል። ከዚያ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉና ልክ እንደተያያዘ እጅዎን ያነሳሉ። ማሸት የሚባል ነገር የለም።"

"ሠላሳ ዓመት ሳሽ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"እሱ ነው የበሽታው ምክንያት። ለቀቅ ማድረግ አያውቁም።"

"እሰይ" አለች ቤዛ በትንሹ። ሰምቻታለሁ። አልመከርኳትም።

ወይዘሮ ዘሀራ ልትወጣ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመች። "ሰኞ መጥቼ አሳያቸዋለሁ። ግን አለቃዎ ማን እንደሆንኩ ከእርስዎ አፍ ትስማ። ከገባሁ በኋላ አይሆንም፤ እኔ ከመግባቴ በፊት።"

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ለወይዘሮ ሠናይት ነገርኳት። የሚታተመውን የካርቶን ናሙና በእጇ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

"ስድስት ወር ሙሉ ለምን ደበቁኝ? ከየትም ይግዙ፤ እኔ ምን እላለሁ?"

"ምንም አትዪም ነበር። ጀርባ መስጠት ለምዶብኝ ነው።"

ወይዘሮ ዘሀራ መጣች። ሁለቱ አዲስ ጋጋሪዎችና እኔ በአንድ ረድፍ ቆምን። ውሃው እንደገባ እጄ በራሱ ማሸት ጀመረ፤ በመቀሷ መያዣ ጣቴን መታ አደረገችኝ። "ጋሼ፣ ይተዉት አልኩ።" ወጣቶቹ ወደ ጣራው አዩ። ተውኩት። ተቆላ፣ ቀዘቀዘ፣ ነከስኩት። ቀጭ አለና ሟሟ።

ዋና ጋጋሪነቱ ከእኔ በብዙ ዓመት ለሚያንስ ሰው ተሰጠ። ደስ አላለኝም፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። ዛሬ ለሚ ኩራ ሁለተኛ ጋጋሪ ነኝ። ወይዘሮ ዘሀራ በሳምንት ሦስት ጠዋት ትመጣለች፤ ሌላውን ቀን የላምበረት ደንበኞቼን አልተውም ብላ እዚያው ናት። ካርቶኑ ላይ "የዘሀራ ታርት" ይላል። ከሥሩ በትንሽ ፊደል "ማሩ የጌታቸው" ተብሎ ተጨምሯል። ያስጨመረችው እሷ ናት።

እማማ አጸደ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ስወጣ ይጠሩኛል። "ጌታቸው፣ ዛሬ አለሁ?"

"አሉ፣ እማማ።"

"እንግዲያስ ስትመለስ ታርት አምጣልኝ።"

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የዳቦ ቆሎ ሊጥ አይታሽም። ሥራ ያሳያችሁን ሰው ስም ደግሞ በተጠየቃችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ የዘገየ እንደሆነ ሰው መግደል ያመጣል። የዚያ የላምበረቱ ዋና ጋጋሪ ስም አቶ ደስታ ነበር። ጨዉን ደብቆኛል። ማሸትን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።