አፉን ያሰርሁት ውሻ

ሰፈርተኛው ውሻችንን «ዲዳው» ይለው ነበር። አንዷ ጎረቤት «መጋኛ መትቶት ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ሲፈጠርም እንዲሁ ነው» ትላለች። ዲዳ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ደርግ ለጦርነቱ ወጣት የሚያፍስበት ዘመን ነው። ቤታችን ደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜው ለውትድርና ደርሷል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ደግሞ የእናቴ ጉልበትም ተስፋም እሱ ነበር። አፈሳው የተጀመረ ሰሞን እናቴ ከትልቁ የእህል ጎታ ጀርባ ሸሸገችውና፣ ለጠየቀ ሁሉ «ይፋግ፣ አጎቱ ዘንድ ነው» አለች።

ችግሩ ውሻው ነበር። ወንድሜን ከማንም አብልጦ ይወደዋል። ሽታው ሲመጣበት ጎታው ፊት ቆሞ፣ ጭራውን እየቆላ ይጮኻል።

«አንቺ፣ ይህ ውሻ ልጄን ሊያስበላብኝ ነው፤ አንድ ነገር አድርጊ» አለችኝ እናቴ።

በጮኸ ቁጥር አፉን በጠፍር ጥብቅ አድርጌ አስረው ጀመር። ዝም ሲል ፈትቼ እንጀራ እሰጠዋለሁ። ሲያላዝን አብሬው አለቅሳለሁ፤ ግን አልራራሁለትም። ወር ሳይሞላ መጮኽ ተወ፤ ለማንም፣ ለምንም። በሥራዬ ኮራሁ፣ ሞኟ!

የቀበሌ ታጣቂዎች የመጡት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ገና ከታች ብቅ ሲሉ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተንጫጫ። እኛ ግቢ ሲገቡ ግን ጸጥ። አልጋ ሥር አዩ፣ ቆጥ ላይ ወጡ፣ የጎታውን እህል በዱላ ወጉ፤ ከጀርባው ያለውን ክፍተት በጆንያ ደፍነነው ስለነበር ልብ አላሉትም። ሊሄዱ ሲሉ አንደኛው፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እሜቴ፣ ይህ ውሻ ስንገባም ስንወጣም ትንፍሽ አላለ። ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቶ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውዬው ጎንበስ ብለው ከንፈሩን ገለጡት። ጥርሱ የወጣት ነው። አፍንጫውን ዳበሱት፤ ጠፍሩ የበላው ጠጉር ዙሪያውን ተመልጧል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል። ይህን የከለከለው ሰው አለ» አሉና ተመለሱ። በቀጥታ ወደ ጎታው፤ ሳይፈተሽ የቀረው ጀርባው ብቻ ነበር።

ወንድሜን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። እናቴ እግራቸው ላይ ብትወድቅም የሰማት የለም።

በሳምንቱ «አሁንስ ይጩኽ» አለችኝ እናቴ። ገባኝ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ መርዶ ነጋሪ ሲመጣ ውሻ ከጮኸ ሰው ቢያንስ ልቡን ያጠነክራል። አባበልሁት፣ አጥሩን በድንጋይ መታሁ፣ እንደ እብድ ራሴ ጮኽሁለት። እሱ እጄን ብቻ ያያል። ከዚያ ወዲያ ጎሕ በቀደደ ቁጥር እናትና ልጅ ጆሯችንን ለውጭ ሰጥተን ሁለት ክረምት አሳለፍን።

አንድ ማለዳ ላሟን ላወጣ በሩን ከፈትሁ። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተውታል። ሲመጡ አልሰማንም።

«ማነው?» ትላለች እናቴ ከኋላዬ።