መኪናዋ እስክትነሳ

ስለ ሟቹ ባሌ ደግነት የሚያወሩልኝ ሰዎች ሲመጡ ቡና አፈላላቸዋለሁ። አዎ፣ ደግ ነበር። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው! ግን ደግነቱ እኔን ምን እንዳደረገኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሰዓት የምናውቀውም በእሱ ነው። ባሌ የባቡር ጥገና ላይ በያጅ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ አንዲት ያረጀች የጣሊያን መኪና አለችው፤ ለእኔ ያላጎነበሰውን ለእሷ ሲያጎነብስ ኖረ። ችግሯ ሁልጊዜ አንድ ነው። ካርቡራተሯ ቤንዚን ይሞላና ይገነፍላል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ እኛም ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተን ምሳ እንበላለን።

ባሌ እረፍት በነበረበት አንድ ጠዋት የጣቢያው ሹም በራችን ድረስ መጣ። ሞጆ ያለው ወንድሜ በባቡሩ ስልክ አስደውሎ ኖሯል። «እናቷ ታማለች፣ ቶሎ ትምጣ» የሚል ነው መልእክቱ። በር ላይ የተቀበለው ባሌም ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረኝ። ነጭ ነጠላዬን ብድግ አደረግሁ። የጠዋቱ ባቡር ሊደርስ ነው፣ ጣቢያው ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር።

«በባቡር አትሄጂም» አለኝ። «እኔው ራሴ በመኪና አደርስሻለሁ።»

«በዚች? ኧረ ይቺ ዱከምም አታደርሰኝ!»

«ታደርስሻለች። ተቀመጪ።»

ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር። እሱ በደህናው ቀን እንዲህ አያናግረኝም፤ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ካርቡራተሯን ፈታታት። ውስጧ አንዲት ዙሪያዋ የተዘጋ፣ ሆዷ ባዶ የሆነ የነሐስ ቆርቆሮ አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ እየተንሳፈፈች ትወጣና መግቢያውን ትዘጋለች። የኛዋ ተበስታ ቤንዚን ጠጥታለች። ስለዚህ መንሳፈፉ ቀርቶ ትሰጥማለች፣ ቤንዚኑም ከልካይ የለውም። «ውሃ አፍዪልኝ» አለኝ። በገዛ እጄ አፈላሁለት! ፍል ውሃው ውስጥ ሲነክራት አንድ ቦታ ላይ አረፋ ወጣ። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ከሰል አቀጣጥሎ መበየጃውን ማጋል ሲጀምር ባቡሩ ጮኸ።

ወደ በሩ ሮጥኩ። ክንዴን ያዘኝ።

«አሁን ያልቃል፣ በሞቴ» አለ።

ባቡሩ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። መስኮታችን ተንቀጠቀጠ።

የባቡር ታንከር ሲበይድ የኖረ እጅ መቆጠብ የት ያውቃል? እርሳሱን አቅልጦ እንደ ድልህ ለጠፈባት። መልሶ ገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሳ ቤንዚኑ እንደ በፊቱ ገነፈለ። ቀዳዳውስ ተደፍኗል፤ ቆርቆሮዋ ግን ከእርሳሱ ብዛት ከብዳ አሁንም ትሰጥማለች። እንደገና ፈታት። ሞረዱን አምጥቶ እርሳሱን ቀስ እያለ ይፍቅ ጀመር። ቀስ እያለ! የቸኮለ ሰው እንዲህ አይፍቅም።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ፣ ምግብ ይዘው መጡ። «ብዪ ልጄ፣ ባዶ ሆድሽን መንገድ አትውጪ» አሉኝ። እትዬ፣ በአውቶቡስ ልሂድ ብላቸው እጄን ጥፍር አድርገው ያዙ። «ባልሽ ያድርስሽ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ያያል። እያጎረሱ አበሉኝ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተነሳች። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሳትም! ስንቱን ዓመት ስታንገላታው ኖራ ያን ቀን ጤነኛ ሆነች።

ዱከምን አልፈን ውሃ ጠማኝና ባሌ ከኋላ ወንበር ላይ የጫነውን ዘንቢል ከፈትኩ። ጥቁር ቀሚሴን አገኘሁ። ጥቁር ሻሼም ታጥፎ ተቀምጧል።

«ምንድነው ይሄ?»

መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። «እናትሽ አርፈዋል» አለኝ። «ብቻሽን ባቡር ላይ፣ በማታውቂው ሰው መሀል እንዳትሰሚው ብዬ ነው የያዝኩሽ። በልተሽ፣ ተረጋግተሽ…»

ማን ነገረህ አላልኩትም። እኛ አገር ሞተች ተብሎ አይላክም፤ ታማለች፣ ቶሎ ነይ ነው የሚባለው። ይሄን የማያውቅ ማን አለ? እኔም ቶሎ አመንኩት። እዚያው መንገድ ዳር ነጩን አውልቄ ጥቁሩን ለበስኩ። እስከ ሞጆ ድረስ ስጮህ ሄድኩ።

የእናቴ በር ላይ ስደርስ፣ ወጉ ነውና፣ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። «ወይኔ እናቴ! ሳታዪኝ! ሳላይሽ!»

ወንድሜ ከቤት ሮጦ ወጥቶ አፌን በመዳፉ ከደነው።

«ዝም በዪ!» አለኝ። «ምን ሆነሻል? ትሰማሻለች እኮ!»

ዞሬ ባሌን አየሁት። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ እኮ… መስሎኝ ነው» አለ።

መስሎኝ!

ደግፈው አስገቡኝ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ስታይ ውላ ደክማለች፤ ወንድሜ እንዳለው ባቡሩ ሲደርስ «መጣች?» ብላ ቀና ብላ ነበር። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እጇን አንስታ ፊቴን ልትዳስስ ስትል ጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ቀረ። ጨርቁን በጣቶቿ ያዝ አደረገችው።

«ማነው የሞተው፣ ልጄ?» አለችኝ።

እጇን ሳምኩ። ሌላ ነገር ሳትናገር ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈች።

ለቀብሯ ልብስ መቀየር አላስፈለገኝም።