በጾም ያመካኘሁት ሕመም

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ይኖራሉ። በዐቢይ ጾም አንድ ሰንበት ማኅሌት ቆመው ሳለ መቋሚያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊናገሩ ፈለጉ። ቃል አልወጣም። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉም ተመለሰ።

እኔ ንፋስ መውጫ የምኖር፣ ብዙ የማነብ፣ ካነበብሁትም በላይ የምከራከር ሰው ነኝ። ረጅም ጾም ይጎዳል ብዬ ለዓመታት ጽፌአለሁ፤ ሕመሙ ማስረጃ ሆኖ መጣልኝ። እንዲህ ያለው ምልክት ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችልም አንብቤ ነበር። ከክርክሬ ጋር ስላልሄደ ተውሁት። “ባዶ ሆድ ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ይለቅዎታል” አልኋቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ደገማቸው። አንደበታቸው ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው አልተመለሰም።

አዲስ አበባ ወስጃቸው ዶፕለር በሚሉት የደም ቧንቧ አልትራሳውንድ ሲታዩ፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የግራ አንገታቸው ቧንቧ፣ ካሮቲድ የሚሉት፣ ጠቦ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው ሌላ ስትሮክ ለመከላከል እንጂ እጃቸውን ለመመለስ አልነበረም። ቧንቧው ተቆልፎ ሲጸዳ አንጎል ኦክስጅን እንዳያጥረው ያሰጋል። ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገረን፦ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ ግንባር ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር ኦክስጅኑን መከታተል፣ ወይም አንገትን ብቻ አደንዝዞ እያናገሩ መሥራት።

“ያስተኟቸው” አልሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

“አንተ የጾሙን ተናግረሃል፤ ይቺን ለእኔ ተዋት” አሉኝ አባቴ። ወደ ሐኪሙ ዞሩ። “ነቅቼ ዳዊት እደግማለሁ። ዝም ካልሁ ይወቁ።”

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሳቀች። “ግእዝ አላውቅም አባባ። ቢሳሳቱ በምን አውቃለሁ?”

“አልሳሳትም።”

ሴንሰሩም ተለጠፈላቸው፤ ዳዊቱም ተጀመረ። እኔ ኮሪደር ላይ ነበርሁ። የሆነውን ኋላ እርሷ ነገረችኝ። ቧንቧው ተቆለፈ። ሴንሰሩ የሚያሳየው የኦክስጅን ቁጥር ወረደ። አባቴ ዝም አሉ። ጠራቻቸው። አልመለሱም። ደሙን በሌላ በኩል የሚያሳልፍ ሻንት የሚባል ቱቦ ገባ። ቁጥሩ ወጣ። ያቋረጡትን መዝሙር ከመሀል ቀጥለው አያውቁምና፣ ከመነሻው ጀመሩት።

ተኝተው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። “ያን ጊዜ ሴንሰሩ ይነግረን ነበር። ሁለቱም ያስኬዳል” አለኝ። “የማያስኬደው ዘግይቶ መምጣት ነው።”

አሁን አባቴ መቋሚያውን በግራ እጃቸው ተደግፈው ማኅሌት ይቆማሉ፤ ጸናጽሉን ግን ሌሎች ሲያንሿሹ ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው በድምፅ ብቻ ይከተላሉ፣ ዜማቸውም እንደ ድሮው ነው። ለዚህ ያበቋቸውን ሐኪምና ዳዊቱን ሳትሰማው ዝምታውን የሰማችውን ባለሙያ አመሰግናለሁ። እናንተም የቤተሰባችሁ ሰው እጅ ቢዝል ወይም አንደበቱ ቢያዝ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ምክንያት አትፈልጉለት። ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አባቴ ለጠየቃቸው ሁሉ “ልጄ ነው ያዳነኝ” ይላሉ። የጾሙን ነገር የሚያነሣ ሲገኝ ደግሞ “ምን ያድርግ፣ አላወቀም ነበር” ብለው ይከላከሉልኛል።

ማወቄን እስካሁን አልነገርኋቸውም።