ለፍየል የተተወው ቲማቲም

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐርጌሳ ካለው ሰፈሬ ከኮድቡር በባጃጅ ወጥቼ ወደ ገቢሌ ከተማ የሚሄዱ መኪኖች ወደሚነሱበት ሄድኩ። መድረሻዬ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው አረብሲዮ፣ ጉዳዬ ቲማቲም ነው። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ ሥራ ያገናኘኝ ሸሪኬ ፈርሂያ ደግሞ ድሬዳዋ ያደገች የሐርጌሳ ተወላጅ ናት። በተከራየነው ቤት የቲማቲም ድልህ እያበሰልን በጠርሙስ እንሸጣለን። አራት ሴቶች አብረውን ይሠራሉ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የቆርቆሮ ድልህ ግን በየሱቁ ከእኛ በርካሽ ተደርድሯል። የእኛው ቀጭንና ኮምጣጣ ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

አንድ ሆቴል እስከ ሐሙስ ስልሳ ጠርሙስ ደህና ድልህ ካመጣን ደንበኛችን እንደሚሆን ነግሮናል። ካልሆነ ቤቱን እንለቃለን፣ ሴቶቹም ይበተናሉ።

"አቦ ሰይድ፣ ጠንካራ ጠንካራውን ምረጥ" አለችኝ ፈርሂያ ስትሸኘኝ። "ባለፈው ያመጣኸው መንገድ ላይ ጭማቂ ሆኖ ነው የደረሰው።"

ሁለት ሰዓት፣ አስፋልቱ ላይ

ሁለት ዶላር ከፍዬ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ዝናብ ከርሟል፤ ግራሩ ለምልሟል፣ ግመሎቹም አስፋልቱን የራሳቸው አድርገው ቀስ ብለው ይሻገራሉ። ከድንበሯ ከተማ ከወጃሌ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ የአገሬ መኪኖች ተከታትለው አለፉን። ሾፌሩ ሳቀብኝ። "ዋሪያ፣ ቲማቲሙ ወደ ከተማ ይገባል፣ አንተ ከከተማ ትወጣለህ።" በእርግጥ ያኛው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንዲደርስ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው የሚለቀመው።

አረብሲዮ ስደርስ ለሆህ በማርና በሰሊጥ ዘይት በላሁ። ለሆህ የእንጀራችን የአክስት ልጅ ነው፤ በሻይ ሲበላ ሦስት አነሰኝ።

አራት ሰዓት፣ እርሻው ላይ

ጎርፍ ሲወርድ ብቻ የሚሞላውን ደረቅ ወንዝ አቋርጬ፣ አሸዋው ጫማዬን እየሞላው፣ አው ጃማ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ደረስኩ። ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ተሰደው ጅግጅጋ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ሶማልኛ በብዙ ይሻላል።

"ጠንካራው ትናንት አለቀ" አሉኝ። "ውሃ መሳቢያው ናፍጣ ይበላል። ሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት አንድ ላይ ይደርሳል። ነጋዴ ሲመጣ ያገርህ ቲማቲም ዋጋውን ጥሎት ይጠብቀኛል።"

ከጀርባቸው ግን ማሳው ቀልቷል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ስነካው በጣቴ ሥር ለሰለሰ። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ነው።

"አንቱ፣ ይሄን ለማን ይሰጡታል?"

"ለፍየሎቼ። ወንዙን ሳይሻገር ይፈርጣል። ከፍየሎቹ የተሻለ የምትከፍል ከሆነ ውሰደው።"

እዚያው ቁጭ አልኩ። ለካ ስንት ወር ሙሉ ጉዞ የሚችለውን ስንመርጥ፣ ለድልህ የማይሆነውን ስንመርጥ ኖረናል። ድልህ የሚሆነው መንገድ የማይችለው ነው። በራሴ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ፈርሂያ ጋ ደወልኩ።

"ቲማቲሙ አይመጣም" አልኳት። "እዚሁ ላበስለው ነው፤ ጠርሙሱን አንቺ ላኪው። ጨውና ዘይትም ጨምሪ።"

"በምን ልላከው? መኪና ተከራይቼ ልከስር?"

ያን ጊዜ የጫት መኪኖቹ ትዝ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ጫት ጭነው እየበረሩ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶአቸውን በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ። "ባዶ የሚመለስ ሾፌር በትንሽ ገንዘብ እሺ ይልሻል" አልኳት። "ሐዬ፣ እሺ" ብላ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ጭስና ሳቅ

ጠርሙሶቹ መጡ፤ ፈርሂያም አብራቸው መጣች። "ሻሼ ጫት ጫት ሸተተ፣ እናቴ ምን ትለኛለች?" እያለች ወረደች። የአው ጃማ ባለቤት ለሠርግ የሚያከራዩአቸውን ሁለት ትልልቅ ድስቶች አወጡ። እንጨቱ በነፃ ነው፤ ማሳቸውን የወረረውን እሾሃማ ዛፍ ቆርጠን አነደድነው። ከተማ ቢሆን ለጋዝ ብቻ ስንት ይወጣ ነበር።

መግሪብ ሳይደርስ ድልሁ ወፍሮ ማማሰያው ላይ ተጣበቀ። ፈርሂያ በቁራሽ ለሆህ ቀመሰች። ሙገሳ አታውቅም፤ ግን አንዱን ድስት ለብቻዋ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም። አው ጃማ "ማሻአላህ" ብለው ወደ ፍየሎቹ ዞሩ። "እናንተ ደግሞ ሳር ፈልጉ።"

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

ስልሳውን ጠርሙስ ሞልተን እዚያው አደርን፤ ጠዋት ጠርሙሶቹን በገለባ ሸፍነን ተመለስን፤ አንድም አልተሰበረም። ሆቴሉ ውስጥ የወጥ ቤቱ ኃላፊ በዳቦ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ "በሳምንት ስንት ትችላላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ደስታዬን የምደብቅበት ቦታ አጣሁ።

ቲማቲሙን ወደ ፋብሪካችን ስንጎትት ከረምን። ፋብሪካ ብለን የምንኮራበት ግን ድስትና ጠርሙስ ነው፤ መኪና ላይ መውጣት ይችላል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው።

ኮድቡር ስንደርስ አራቱ ሴቶች ሥራ ፈትተው በር ላይ ይጠብቁናል። ፈርሂያ ፊቷን አኮሳትራ "ነገ እዚህ እንዳትመጡ" አለቻቸው። ከአራቱ ታላቋ ዘሃራ የፈራችው የደረሰባት መስሏት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"አንድ ሰዓት ላይ የገቢሌ መኪኖች ጋ እንገናኝ" ቀጠለች ፈርሂያ። "ነጠላ ጫማ እንዳታደርጉ፤ ወንዙ አሸዋ ነው።"

ዘሃራ ግን ከደረጃው አልተነሳችም። እየሳቀች ታለቅስ ነበር።